ሱፍ ሙቅ ውሃ አይፈራም

የመንዝ በግ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ሥጋው፣ ስለ ቆዳውና ስለ በዓል ዋጋው ነው። ጠጉሩን የሚያነሳ ጥቂት ነው። መሐል ሜዳንና ሞላሌን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርስ ደጋ፣ ያ ጠጉር ባይኖር ሌሊቱ እንዴት ያልፍ እንደነበር የሚያውቁት ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሰው ያደጉ ናቸው። ሴቶቹ ጠጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ሳይቀለም እንደ ተፈጥሮው ገብቶ ባናው ይወጣል። ይህን የሚያህል ሀብት ደጃቸው ላይ እያለ ለሹራብ የሚሆን ክር ከሱቅ የሚገዙ የደጋ ቤቶች መብዛታቸው ያሳዝናል። ከሱቁ ክር ብዙው ደግሞ ስሙ ሱፍ ሆኖ ውስጡ ከነዳጅ ውጤት የተሠራ አክሪሊክ ነው። ቁራጩን ክብሪት ጭሮ መፈተን ይቻላል። እውነተኛ ሱፍ ጠጉር ጠጉር እየሸተተ ያርራል፣ እሳቱ ሲርቅም ይጠፋል፤ አክሪሊክ ግን ቀልጦ ይንጠባጠባል።

የመንዝ ሱፍ ሻካራ ነው የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዝርያ ጠጉር ውፍረቱ በአብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ሲሆን የምንጣፍ ሱፍ ከ30 ማይክሮን በላይ ይሄዳል፤ የመንዙ ወገኑ ከሁለተኛው ነው። ጠጉሩን ለማሻሻል አዋሲና ኮሪዴል የተባሉ የውጭ ዝርያዎችን ከመንዝ በግ ጋር የማዳቀል ሥራ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተሞክሯል። ነገር ግን ሻካራነት ጉድለት የሚሆነው ሕፃን አንገት ላይ ሲጠመጠም ብቻ ነው። ለብርድ ልብስ፣ ለምንጣፍ፣ ለቆብና ከላይ ለሚደረብ ወፍራም ሹራብ ሻካራው ዕድሜ አለው፤ ሲታሽ ቶሎ አይሳሳም።

ሥራው ቤት ውስጥ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ አያደናግርም። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይቀለማል፣ ከዚያ ሹራብ ይሆናል። ሰው የሚሳሳተውና ተስፋ የሚቆርጠው መታጠቡ ላይ ነው።

«ሱፍ ሙቅ ውሃ ከነካው ይገባል» የሚለው እምነት ከቤት ቤት ተላልፎ ሕግ ሆኗል። ስለዚህ ጠጉሩን በቀዝቃዛ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙና፣ እንደ ነጠላ እያሹና እየጨመቁ ያጥቡታል። ሲደርቅ ግማሹ ተጠቅጥቆ ድብልብል ሆኖ ይገኛል፣ ግማሹም ስቡ ሳይለቅ እንደጨቀየ ይቀራል። ጥፋቱ ግን የውሃው ሙቀት አይደለም። ጥፋተኛው እጅ ነው።

የሱፍ ዘለላ ዙሪያው በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ቅርፊቶቹም ሁሉ ፊታቸውን ከሥር ወደ ጫፍ አዙረዋል። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ዘለላ፣ የራስ ጠጉርም ቢሆን፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዞ ወደ ርዝመቱ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ይበቃል። ዘለላው ጣቶቹ ወደፊትም ወደኋላም ቢሄዱ ሁልጊዜ በሥሩ በኩል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳባል፤ ቅርፊቶቹ በሌላው በኩል እንዳይመለስ ይይዙታል። አሁን ሺህ ዘለላዎች አንድ ገበቴ ውስጥ ሆነው በእጅ ሲታሹ ይታሰብ። እያንዳንዱ በራሱ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ጎረቤቱን ይጠመጥማል፣ መመለሻም የለውም። ሹራብ ገባ የሚባለው ይህ ሲሆን ነው። ሙቀቱና ሳሙናው ዘለላውን አለስልሰው መንገዱን ያቀሉለታል እንጂ እንቅስቃሴ ከሌለ ብቻቸውን የትም አያደርሱትም።

ማስረጃው ብዙ ነው። በሞንጎሊያና በመካከለኛው እስያ ድንኳን የሚለበስበትን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የሚሠሩ ሰዎች ሱፉን ውሃ አርከፍክፈውበት ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ጠቅልለው ለረጅም ጊዜ ያንከባልሉታል፣ በፈረስም ይጎትቱታል። ውሃው ብቻውን ሥራውን የሚሠራ ቢሆን ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ። ፋብሪካዎች ደግሞ በማሽን ቢታጠብም የማይገባ ሱፍ የሚያወጡት ቅርፊቱን በክሎሪን ሸርሽረው ወይም በስስ ሙጫ ሸፍነው ነው። ቅርፊቱ ሲሸነፍ ችግሩ አብሮ ይሄዳል።

ትልቁ ማስረጃ ግን የቀለም ድስት ነው። ሱፍ ሲቀለም ለአንድ ሰዓት ያህል ሊፈላ በተቃረበ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲወጣም ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኛት አንዲት ሹራብ ሠሪ ይህን ሲነገራት አላመነችም ነበር። ገና ከበጉ የወረደ እፍኝ ጠጉር ከሰል ላይ በተጣደ ድስት ውስጥ ጨመረች፣ ማማሰያውን ከእጇ አስቀመጠች፣ ድስቱንም እስኪቀዘቅዝ ሳትነካው ተወችው። ያወጣችው ሱፍ ዘለላ ዘለላው የሚለይ፣ ነፋ ያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቃት ሁሉ የምትናገረው ማማሰያውን እንዲያርቁ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ላኖሊን የሚባለው የበግ ጠጉር ስብ የሚቀልጠው ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ሳሙናው ቢበዛም ስቡ አይለቅም። ስለዚህ ጠጉሩ በሽንኩርት መረብ ከረጢት ይታሰራል፣ 60 ዲግሪ ገደማ በሆነና ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውሃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይነከራል፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ሳይነካ ይተዋል። ውሃው ሳይቀዘቅዝ መውጣት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ስቡ ተመልሶ ጠጉሩ ላይ ይቀመጣል። ማለቅለቂያውም ሙቅ ይሁን። ውሃው እንዲወጣ ጫን ጫን ይደረጋል እንጂ አይጠመዘዝም፣ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ሥርም አይያዝም፤ የሚወርደው ውሃ ራሱ እንደ እጅ ያሸዋል።

ነጭ ይሁን ብለው በረኪና የሚጨምሩ ሰዎች ደግሞ እጃቸውን ይሰብስቡ። ሱፍ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ደግሞ ይህን ፕሮቲን ያሟሟዋል። ቁራጭ ሱፍ ባልተበረዘ በረኪና ውስጥ ቢቀመጥ እየሟሟ ይጠፋል፣ ጥጥ ግን ይተርፋል። የጨርቅ ላቦራቶሪዎች ሱፍን ከጥጥ የሚለዩበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ቀለም ላይ የኢትዮጵያ ሴቶች ሳይማሩት የሚያውቁት ነገር አለ። እንሶስላ ጥፍርንና መዳፍን የሚያቀላው ከቆዳና ከጥፍር ኬራቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው፤ የሱፍም ሥጋው ያው ኬራቲን ስለሆነ እንሶስላውን ይቀበላል። ከማእድ ቤት ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ከቢጫ እስከ ብርቱካናማ ይሰጣል። ቀለሙ እንዲጸና ሱፉ አስቀድሞ በሸብ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም ሸብ ይበቃል። ድስቱ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ ሳይንተከተክ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ሱፉም እዚያው ውስጥ ይቀዘቅዛል። እርድ ድስቱ ውስጥ ሲያዩት ያማልላል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ግን ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ በእርድ ብቻ ቀልሞ ለሰው መሸጥ ተገቢ አይደለም።

ደማቁን ቀይ የሚፈልግ ሰው ስለ ኮቺኒል ማወቅ አለበት። በለስ በሚባለው ቁልቋል ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ስትሆን፣ ደርቃ ስትፈጭ በሸብ በተዘፈዘፈ ሱፍ ላይ ጥልቅ ቀይ ታወጣለች። ወደ ትግራይ በእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ የገባችው ለዚሁ ቀለም ተብሎ ነበር። ከቁጥጥር ወጥታ በደቡብ ትግራይ የገበሬውን የክረምት ምግብ የሆነውን በለስ ሰፊ ቦታ ላይ አጥፍታለች። ስለዚህ በለስ ወዳለበት ሌላ አካባቢ በሕይወቷ እንዳትወሰድ ጥንቃቄ ይገባል።

ከመቀለሙ በፊት ወዳለው ሥራ ስንመለስ፣ ለመንደፍ ሽቦ ጥርስ ያለው ጥንድ ማበጠሪያ ይመቻል፤ በመካከለኛው እስያ ለጥጥ እንደምናውቀው ያለ ደጋንም ለሱፍ ሲሠራበት ኖሯል። ጥጥ መፍተል ለለመደች እጅ ሱፍ አይከብድም፣ ብቻ የሱፍ ዘለላ ከጥጥ ስለሚረዝም ሁለቱ እጆች ራቅ ብለው መያዝ አለባቸው። ዘለላው ስምንት ሴንቲሜትር ከሆነ እጆቹ ከዚያ ትንሽ በልጠው ይራራቁ፤ ሲቀራረቡ ክሩ አይሳብም፣ ፈታዪዋም ሱፉ መጥፎ ነው ብላ ትጥለዋለች።

ለሹራብ ሁለት ፈትል አንድ ላይ ከተፈተሉበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይከረራሉ። ይህን የዘለለ ሰው ሥራው ሲያልቅ ሹራቡ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ያገኘዋል፤ ነጠላ ፈትል ውስጡ የቀረው ክረት ጨርቁን ይጎትተዋል። የተከረረው ክር ተጠቅልሎ ለብ ባለ ውሃ ይነከርና ተሰቅሎ ይደርቃል፣ ክረቱም ይረጋል። ለመጀመሪያ ሥራ ቆብ ይሻላል፤ ክር አይበላም፣ ሻካራው ሱፍም ቅርጹን ይይዛል።

ያለቀ ሥራ ታጥቦ ይቀመጥ። የብል እጭ ኬራቲን ትበላለች፣ ይበልጥ የምትወደው ደግሞ ላብና የምግብ ፍርፋሪ የነካውን ነው። ክረምት አልፎ ሹራቡ ወደ ሳጥን ሲመለስ ንጹሕና በደንብ የደረቀ ይሁን፤ በየጊዜውም ወጥቶ ይራገፍ፣ ፀሐይም ይንካው።