ለሕፃናት ችሎት ባለሙያዎች የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና

በሕፃናት ጉዳይ ላይ የሚሠራ የፍርድ ቤት ባለሙያ ሕጉን ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ መርማሪ ፖሊሱና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ልጅን እንዴት እንደሚያነጋግሩ፣ ዕድሜውን በምን እንደሚያረጋግጡና ማን ጋር ቢያድግ እንደሚሻለው እንዴት እንደሚመዝኑ መማር አለባቸው። የኦንላይን ሥልጠና ይህን ትምህርት ባለሙያው ካለበት ወረዳ ሳይነሣ በኮምፒውተር ወይም በስልክ እንዲያገኘው ያስችላል።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ከማዕከል በራቁ አካባቢዎች ነው። ለምሳሌ ሮቢት በአማራ ክልል ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆቦ ወረዳ ከተማ ናት። የሰሜን ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገኘው ወልዲያ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና የፍትሕ ባለሙያዎች ማሠልጠኛና የሕግ ምርምር ኢንስቲትዩት ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ባሕር ዳር ናቸው። አንድ የወረዳ ዳኛ ለሥልጠና ሲሄድ የያዛቸው መዝገቦች ለሌላ ቀጠሮ ይተላለፋሉ። ቀለብ ይወሰንልኝ ብላ ያመለከተች እናትም ልጇን እያበላች ያንን ቀጠሮ መጠበቅ ግድ ይሆንባታል።

የሥልጠናው መነሻ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች በሕፃናት ላይ ሲወስኑ የሕፃኑን ጥቅምና ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ይህን ድንጋጌ በሥራ ላይ አውሎታል። ክርክሩ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ባሳደገች አክስትና በልጁ አባት መካከል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች ልጁ ለአባቱ ይሰጥ ብለው ወስነው ነበር፤ ሰበር ችሎቱ ግን የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔያቸውን ሻረ። አባት ወይም እናት ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሄደው ልጆች ከአያትና ከአክስት ጋር በሚያድጉባቸው የሰሜን ወሎ ቀበሌዎች ይህ ፍርድ ጥሩ መማሪያ ነው።

ዕድሜን ማረጋገጥ ሌላው የሥልጠናው ርእስ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 መሠረት ከ13 ዓመት በታች የሆነች ልጅ ያገባ ሰው እስከ 7 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ያገባ ደግሞ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥፋት ፈጽሟል የተባለው ልጁ ራሱ ሲሆንም ዕድሜው ወሳኝ ነው፤ ከ9 ዓመት በታች ያለ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ደግሞ በአዋቂ ቅጣት አይቀጣም። ሀገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። በዚህ ጊዜ የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሐኪም ግምትና የጎረቤት ምስክርነት ይቀርባሉ። እነዚህ ማስረጃዎች ሲጋጩ የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ መለየት ልምምድ ይጠይቃል።

ከሁሉም የሚከብደው የልጅ ቃል መቀበል ነው። «የመታህ አጎትህ ነው አይደል?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ትልቅ ሰው እንዳይቆጣው ብሎ «አዎ» ሊል ይችላል። «እስኪ የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረኝ» ሲባል ግን በራሱ አንደበት ይናገራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የወጣት ጥፋተኛ ጉዳይ በዝግ እንዲታይና አሠራሩ የመደበኛ ችሎት ድባብ እንዳይኖረው ያዝዛል። በአዲስ አበባ ባሉት ለሕፃናት ምቹ ችሎቶች ተጎጂው ልጅ በሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጋር ይቀመጣል። ባለሙያዋ ከችሎቱ የሚመጣውን ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታ ለልጁ በሚገባው ቋንቋ ታቀርብለታለች፤ ችሎቱም መልሱን በካሜራ ይከታተላል። ልጁ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም።

የሕግ አንቀጾች፣ የሰበር ውሳኔዎችና የዕድሜ ማስረጃ አመዛዘን በኦንላይን በደንብ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሠልጣኙ ማታ አንብቦ፣ የተቀረጸ ትምህርት ደጋግሞ አይቶና ፈተና ወስዶ ይማራቸዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት ሄልፕ በተባለው መድረኩ ለሕፃናት ምቹ ፍትሕን የሚመለከት ትምህርት ለሕግ ባለሙያዎች በነጻ ያቀርባል። ልጅን ማነጋገር ግን ቪዲዮ በማየት ብቻ አይለመድም። ሠልጣኙ እየተለማመደ ስሕተቱን የሚያርመው ልምድ ያለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ለዚህ የሁለት ወይም የሦስት ቀን የገጽ ለገጽ ልምምድ መጨመር አለበት።

መሠረተ ልማቱም ሌላ ፈተና ነው። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ሩቅ ያለ ተከራካሪን በፕላዝማ ማነጋገር ከጀመሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ቴክኖሎጂው ለባለሙያዎቹ እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ የራያ ቆቦ አካባቢ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦር ሜዳ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መብራትና መስመር ሲኖር ብቻ የሚሠራ ሥልጠና እዚህ አያዛልቅም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ አካባቢ የሚዘጋጅ ሥልጠና በፍላሽ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ በአማርኛ የተሰናዳና በወረዳ ችሎት በየዕለቱ በሚቀርቡ ጉዳዮች ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል። የገጽ ለገጽ ልምምዱም ወልዲያ ላይ ቢሰጥ ከሮቢትና ከቆቦ የሚመጣ ባለሙያ ቀጠሮ ሳያጓድል ሠልጥኖ ይመለሳል።