ቀደር ነው ብለን የተውነው ብርሃን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በልጅነታችን ቁርኣን ያቀሩን አንድ ሸኽ ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ መጀመሪያ ሙስሐፉን ወደ በሩ ብርሃን ማስጠጋት ጀመሩ። ቀጥሎ ደረሳውን በድምፁ ካልሆነ በመልኩ መለየት አቃታቸው። በመጨረሻም በልጅ እጅ እየተመሩ መስጊድ የሚገቡ ሆኑ። ቁርኣኑ በልባቸው ስለነበረ ማቅራታቸውን አላቋረጡም፤ ነገር ግን ሉሑን ተቀብለው የተሳሳተችዋን ሐርፍ ማረም አልቻሉም። የሰፈሩ ሰው «የአላህ ቀደር ነው፣ ሰብር ያድርጉ» ይላቸዋል። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እኛም ሰምተን እናልፋለን። በዚህ ሁኔታ ስድስት ዓመት ተቀመጡ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ከተማ የሚኖር አንድ የቀድሞ ደረሳቸው ለዒድ መጥቶ «ሸኻችን፣ ለመሆኑ ሐኪም አይቶዎት ያውቃል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ማን ይወስደኛል ልጄ? ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ!» አሉት። ሳይከራከር ይዟቸው ሄደ። ሕመማቸው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው የቆመውን ደረሳቸውን ትክ ብለው አዩትና «አንተ! ሸብተሃል እንዴ?» አሉት።

ይህን ስንሰማ ደስ አለን፤ አፈርንም። ቀደር ነው ብለን የተውነው ብርሃን በአንድ ቀን መንገድና በግማሽ ሰዓት ሕክምና የሚመለስ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) መዳኛውንም ቀድሮ ሳለ እኛ ግን አልፈለግንላቸውም።

ሰብርና ሕክምና አይጣሉም

ውድ አንባቢያን! ሁለት ዓይኖቹን አጥቶ የታገሠ ባሪያ ምንዳው ጀነት እንደሆነ በቡኻሪ የተዘገበ ሐዲስ ያስረዳናል። ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱምም (ረ.ዐ.) የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን የነበሩ ታላቅ ሰው ናቸው። ዓይነ ስውርነት ከሰው ክብር የማይቀንስ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሆኖም እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦቻቸው ስለ ሕክምና ሲጠይቋቸው እንዲታከሙ አዘዋል፤ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። መልሳቸው የሚሄዱትም ወደዚያው ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ስለዚህ ሰብር የሚያስፈልገው ከሕክምናው ጋር ነው፤ ሕክምናውን የሚተካ አይደለም።

አበው ዑለማዎቻችንም ይህን በተግባር አሳይተዋል። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የበግዳዱ ዐሊ ኢብኑ ዒሳ ከ130 የሚበልጡ የዓይን ሕመሞችን የሚገልጽ መጽሐፍ ጽፈዋል። በግብፅ የሠሩት ዐማር ኢብኑ ዐሊ አል መውሲሊ ደግሞ ለስላሳውን የዓይን ሞራ ክፍት በሆነ መርፌ መጥጠው ያወጡ ነበር። የዛሬው ሐኪም የሚሠራው እነሱ በጀመሩት መንገድ ላይ ነው።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት ከሺህ ኢትዮጵያውያን 16ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቷል። ከ100 ዓይነ ስውራን 87ቱ ያህል ብርሃናቸውን ያጡት መከላከል ወይም ማከም በሚቻል ምክንያት ነው። ግማሾቹ በዓይን ሞራ፣ ከ100 ደግሞ 11 ወይም 12 የሚሆኑት በትራኮማ ጠባሳ የታወሩ ናቸው።

የዓይን ሞራ፦ በዓይናችን ውስጥ ያለችው ጥርት ያለች ሌንስ ስትደፈርስ የሚመጣ ነው። ዋናው ምክንያት ዕድሜ ሲሆን፣ ምት፣ የስኳር በሽታና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ያመጡታል። በጠብታ፣ በቅጠል ጭማቂም ሆነ በመነጽር አይድንም። መፍትሔው ዓይኑን ብቻ አደንዝዞ የደፈረሰውን ሌንስ ማውጣትና ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። «ሞራው እስኪበስል ይጠብቁ» የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ አይሠራም፤ ሥራን ወይም ማንበብን ካወከ መታከም ይቻላል። የሕፃን ልጅ ብሌን ነጥቶ ከታየ ግን አንድ ሳምንት እንኳ መቆየት አይገባም። ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሕይወትን የሚያሰጋ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ትራኮማ፦ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዓይነ ዓር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠብሳል፤ ቆቡም ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈገፍጋል። እናቶቻችን ወረንጦ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚነቅሉት ይህንኑ ፀጉር ነው። መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አያድንም፤ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። ብሌኑ አንዴ ከጠበሰ በኋላ ደግሞ እንደ ሞራው በቀላሉ አይመለስም። ከላይ የጠቀስናቸው የሸኻችን ባለቤት በዚሁ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። ባላቸው ብርሃናቸውን ባገኙበት ቀን የእሳቸው ጊዜ አልፎ ነበር። ቆቡን የሚያስተካክለው ቀላል ቀዶ ሕክምና ግን በሠለጠነ ባለሙያ በጤና ጣቢያ ጭምር ይሠራል።

በዓለም ላይ ለትራኮማ ተጋልጠው ከሚኖሩ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአገራችን ናቸው። ሊጠፋ አይችልም እንዳንል ግን ዑማን በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋምቢያ በ2021፣ ማሊ በ2023፣ ፓኪስታን በ2024 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አስወግደውታል። መንገዱ አራት ነው፦ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና። በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ለጤነኛውም የሚሰጠው በሽታው ከመንደሩ እንዲነቀል ነውና አንፍራው።

የፊት ንጽሕና ሲባል ሙስሊሙ ምን ያስቸግረዋል? በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ እናደርጋለን። እኛ ታጥበን ስንሰግድ ገና ሶላት ያልጀመረው ሕፃን ፊቱ በዝንብ ተሸፍኖ ከሆነ ግን ሥራችን ጎዶሎ ነው። ከውዱኣችን ውሃ ጥቂት ለሕፃኑ ፊት እናስቀር። ኩልን በተመለከተም መኳያውን ከሌላው ጋር አንጋራ፤ በገበያ ያለው ኩል እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ለልጆች አንኳል።

ግላኮማና ስኳር፦ ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ ከዳር ወደ መሐል እይታን ይሰርቃል። የሰረቀውን አይመልስም፤ ጠብታና ቀዶ ሕክምና የሚያቆዩት የቀረውን ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ይልቁንም ወላጁ ወይም ወንድሙ ግላኮማ ያለበት ሰው ሳያመው መታየት አለበት። የስኳር ሕመምተኛም በየዓመቱ ዓይኑን ያስመርምር።

ሰነፍ ያልነው ልጅ

ይህን ስንጽፍ የራሳችንንም ጥፋት መደበቅ አንፈልግም። ከምናስተምራቸው መካከል ከሰሌዳ ገልብጥ ሲባል የጓደኛውን ደብተር የሚያይ ልጅ ነበር። ሰነፍ ነው ብለን ተቆጣነው፤ ከኋላም አስቀመጥነው። በዓመቱ አጎቱ መነጽር ገዛለትና መጣ። ያን ቀን ከሰሌዳው ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበ። እኛም ልጁን አውፍ እንዲለን ጠየቅነው። ወላጆችም ሆናችሁ ኡስታዞች፣ ልጅ መጽሐፍ ፊቱ ላይ ካስጠጋ፣ ዓይኑን ካጠበበ ወይም ራሱን ደጋግሞ ካመመው ከአለንጋው በፊት ዓይኑን አስመርምሩ። መነጽር ዓይን ያደክማል የሚለው ወሬም እውነት አይደለም። ዓይኑን እያሳከከው የሚያሽ ልጅ ካለም ከመድኃኒት መደብር በዘፈቀደ ጠብታ አትግዙለት፤ አንዳንዱ ጠብታ ስቴሮይድ ስላለበት ራሱ ግላኮማና ሞራ ያመጣል።

ሕክምናና ዒባዳ

ብዙ አረጋውያን ሕክምናውን የሚሸሹት ስለ ሶላታቸው ሰግተው ነው። ታማኝ ሐኪም ማጎንበስና ሱጁድ ለጥቂት ቀናት ከከለከለ ተቀምጦ በምልክት መስገድ ይቻላል። ውሃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ከተባለም ሸሪዓው የማበስንና የተየሙምን በር ከፍቷል፤ አፈጻጸሙን በቅርብ ያሉ ዓሊም ይጠየቁ። በረመዷን ስለሚደረግ ጠብታ፣ በሻፊዒና በሐነፊ መዝሀብ ጾም አያፈርስም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1997 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ይህንኑ ወስኗል። በጾም ሰበብ ጠብታ ማቋረጥ፣ በተለይ ለግላኮማ ሕመምተኛ፣ ብርሃንን ማጥፋት ነው።

የት እንሂድ?

መጀመሪያ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነው በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደር፣ በጅማና በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች፣ በደሴ ቦሩ ሜዳ፣ በቡታጅራ ግራርበት ይገኛሉ። በየወረዳው የነፃ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ደግሞ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ኢማሞቻችን ቢያስታውቁ፣ የጀመዓው ወጣቶችም አረጋውያኑን በመኪና ቢያደርሱ ታላቅ ሰደቃ ነው።

ውድ አንባቢያን! ይህን መጽሔት አጥፋችሁ ስታበቁ አንድ ነገር አድርጉ። አባታችሁን ወይም እናታችሁን በአንድ እጅ አንድ ዓይናቸውን አስሸፍናችሁ በራፍ ላይ ያለውን ሰው ይለዩ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ከዚያም ሌላውን። ካልለዩ የሚያስፈልጋቸው «ሰብር ያድርጉ» የሚል ብቻ ሳይሆን እጃቸውን ይዞ የሚወስዳቸው ልጅ ነው።

አላህ የዓይናችንንም የልባችንንም ብርሃን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።