ዓለም ካለቀ በኋላ ታሪክ ከየት ይጀመራል? የ"ዘ ሮድ" የመጀመሪያ ገጾች

ዓለም ስትጠፋ የሚያሳዩ ፊልሞች እንዴት እንደሚጀምሩ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ዜና አንባቢው ይደነግጣል፣ ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሳይንቲስት ሰሚ ያጣል፣ ከዚያ ፎቅ መፍረስ ይጀምራል። አሜሪካዊው ደራሲ ኮርማክ ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው "ዘ ሮድ" ይሄን ሁሉ ዘሎታል። መጽሐፉን ስትከፍቱ ጥፋቱ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ፣ በጨለማና በብርድ ይነቃል። ወዲያው እጁን ዘርግቶ አጠገቡ የተኛውን ልጅ ይነካል። መተንፈሱን ያረጋግጣል።

እስካሁን ስም የለም፣ አገር የለም፣ "ልጁን በጣም ይወደው ነበር" የሚል ማብራሪያም የለም። ግን ለዚህ ሰው ምን እንደቀረው አውቀናል። ከዚህ በኋላ በልጁ ላይ የሚመጣ አደጋ ሁሉ እኛንም ያስጨንቀናል።

ቀጥሎ ሰውየው ያየው ሕልም ይመጣል። ዋሻ ውስጥ ናቸው፤ ልጁ እጁን ይዞ ይመራዋል፤ ሐይቅ ዳር ዓይኑ የማያይ ፍጡር አለ። በእውኑ መንገድ የሚመራው አባት ነው፣ በሕልሙ ግን ልጁ። ታዲያ ማን ማንን ነው በሕይወት ያቆየው? ደራሲው ጥያቄውን በቀጥታ አይጠይቅም፤ ሕልሙ ውስጥ አስገብቶት ያልፋል።

መረጃም የሚሰጠን እንዲሁ በጎን ነው። ሰውየው ወሩ ኦክቶበር ይመስለዋል፤ እርግጠኛ ግን አይደለም፣ ቀን መቁጠር ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በቃ፣ ጥፋቱ የትናንት እንዳልሆነ ገባን።

እኛ በጣም የወደድናት ግን መስታወቷን ነው። አባትና ልጅ ጓዛቸውን የሚገፉት በሱፐርማርኬት ጋሪ ነው፤ ጋሪው ላይ የሞተር ሳይክል ስፖኪዮ ተገጥሟል። ለምን? ከኋላ የሚመጣ ሰው ካለ ለማየት። ደራሲው ስለ ሰው በላዎቹ ገና ምንም አላወራም። ሰው ሰውን የሚፈራበት ዓለም ውስጥ መሆናችንን ግን ስፖኪዮዋ ነገረችን።

ንግግሩ ትእምርተ ጥቅስ የለውም። አባትና ልጅ አጭር አጭር ያወራሉ፣ አብዛኛው "እሺ" በ"እሺ" ነው፤ ማን እንደተናገረ አንዳንዴ ይጠፋባችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከመካከላችን በዚህ ተሰላችቶ መጽሐፉን የዘጋ አለ (በኋላ ጨርሶታል)። ማካርቲ በቀደሙት መጽሐፎቹም ትእምርተ ጥቅስ አይጠቀምም ነበር። እዚህ ግን ልማዱ ከታሪኩ ጋር ገጠመ።

ሐሳቡ ከየት መጣ? ማካርቲ በ2007 ለኦፕራ ዊንፍሬ እንደነገራት፣ ኤል ፓሶ ከተማ ሆቴል ውስጥ ትንሹ ልጁ ተኝቶ ሳለ እሱ በሌሊት በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነበር። ከተማዋ ከብዙ ዓመት በኋላ ምን ትመስል ይሆን ብሎ አሰበ፤ ኮረብታው ላይ እሳት ታየው። የተኛ ልጅ፣ ያልተኛ አባት። መጽሐፉም የሚጀምረው በዚሁ ነው።

በ2009 የወጣውንና ቪጎ ሞርተንሰን የሚተውንበትን ፊልም ብቻ ያያችሁ ይሄ አጀማመር አምልጧችኋል። ፊልሙ የሚከፈተው ከጥፋቱ በፊት በነበረው ሕይወት ነው፦ አበባ፣ ቤት፣ ሚስት። ከዚያ ሰውየው በሌሊት ተነስቶ የመታጠቢያ ገንዳውን ውኃ ሲሞላ እናያለን። መጽሐፉ ግን ይህችን ሌሊት ብዙ ገጽ ከሄደ በኋላ፣ ሰዓቶቹ 1:17 ላይ ቆሙ ብሎ በጥቂት መስመር ያልፋታል። ምን እንደፈነዳ እስከ መጨረሻው አይነግረንም።