ከገበያ የወጣው መጫወቻ በሙዚቀኞች እጅ

ፋብሪካው መሥራቱን ካቆመ ሃያ ዓመት ያለፈው ዕቃ፣ ያውም የልጆች መጫወቻ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ አዲስ ፈላጊ ማግኘቱ በንግድ ዓለም ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም። በዚህ አኳኋን ሁለተኛ ዕድሜ ካገኙት ዕቃዎች አንዱ የጃፓኑ ኩባንያ ኒንቴንዶ የሠራው፣ በእጅ የሚያዘው «ጌም ቦይ» ነው። ዕቃው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በጃፓን ገበያ በ12,500 የን ቀረበ፤ በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ኋላ ከመጣው ባለቀለም ጌም ቦይ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ምርቱ ቆመ።

የሥራው መሪ የነበሩት ጉንፔይ ዮኮይ የያዙት ሐሳብ ነጋዴ ሊያጤነው የሚገባ ነው። እሳቸው ዘመን አመጣሽ የሆነውን ውድ ክፍል ከመሻት ይልቅ፣ ዋጋው የወረደውንና ጠባዩ በሚገባ የታወቀውን ክፍል ለአዲስ ተግባር ማዋልን ይመርጡ ነበር። ስለዚህም ጌም ቦይ ቀለም የሌለውና ከኋላው መብራት የማይበራለት አረንጓዴ መሳይ ስክሪን ይዞ ወጣ። የሴጋ ኩባንያ በ1990 ዓ.ም. ያወጣው ተወዳዳሪ፣ «ጌም ጊር»፣ ባለቀለምና ብሩህ ነበር፤ ነገር ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርስ ስለ ነበር የወላጆችን ኪስ አስመረረ። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። ልዩነቱ ዛሬም በጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ይታያል። የጌም ጊር ጥቃቅን ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው እየወጣ ሰሌዳውን ስለሚበሉት፣ እነርሱን ሳይለውጡ ማስነሣት የሚቻለው ከስንት አንዱን ነው፤ ጌም ቦይ ግን ብዙውን ጊዜ በጽዳት ብቻ ይነሣል።

ይህን መጫወቻ ወደ ሙዚቃ የመለሱት ኒንቴንዶ ሳይሆን ግለሰቦች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦሊቨር ቪትሾው በሐምቡርግ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ «ናኖሉፕ» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ስዊድናዊው ዮሃን ኮትሊንስኪ «ሊትል ሳውንድ ዲጄ» የተባለውን አወጣ። የመጀመሪያው በ16 ካሬዎች ላይ ድምፅ እየተከሉ ዙሪያውን እንዲመላለስ የሚያደርጉበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዜማውን በረድፍ በተደረደሩ ፊደላትና ቁጥሮች የሚያስጽፍ ነው። ፕሮግራሙ በካሴት ውስጥ ይገባል፤ ካሴቱ እንደ ማንኛውም ጨዋታ ከመሣሪያው ጀርባ ይሰካል።

የመሣሪያው ድምፅ አራት ብቻ ነው። ሁለቱ ቀጥ ያሉና ስለታም ሲሆኑ ዜማውን ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ቅርጹን ሙዚቀኛው ራሱ በ32 ነጥቦች ሊሥለው የሚችል በመሆኑ ለወፍራሙ ድምፅ ያገለግላል፤ አራተኛው የሹክሹክታ ዐይነት ፍጭት ነውና የከበሮውን ቦታ ይተካል። ይህ ድህነት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ አንዲት ጅማት ብቻ ይዛ ድግስ የምታደምቀውን ማሲንቆ ያስታውስ። በኒው ዮርክ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተደረገው «ብሊፕ ፌስቲቫል» በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች የተሠራውን ሙዚቃ ወደ መድረክ አወጣው። በ2021 ዓ.ም. ደግሞ «አናሎግ» የተባለው ኩባንያ የአሮጌውን ካሴት የሚያጫውት አዲስ መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ናኖሉፕን ከውስጡ ጨምሮ ሸጠው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የነጋዴና የጠጋኝ ጉዳይ ነው። የፕላስቲኩ ቅርፊት፣ ቁልፎቹ፣ ስክሪኑ ሳይቀር ዛሬ በቻይና እንደ አዲስ ተሠርተው ይሸጣሉ፤ ድምፁን የሚያወጣው ዋናው ቺፕ ግን መመረቱን አቁሟል። ብዙ ሙዚቀኞች በወፍራም ድምፁ ብርታት የሚመርጡት የመጀመሪያው ሞዴል ቁጥሩ ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። በጥንቃቄ ጉድለት የተበላሸ እያንዳንዱ መሣሪያ ከዚያው ክምችት ላይ የሚጎድል ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ብልሽት የሚመጣው ከባትሪ ነው። በመሳቢያ ተረስቶ የቆየ ድንጋይ ፈሳሹን ያወጣና ሽቦውንና መያዣውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። ጠጋኞች በጥቂት ኮምጣጤ ያጥቡታል፤ ቀጥሎም በአልኮል ይጠርጉታል። ቅርፊቱን ለመክፈት ባለሦስት ክንፍ ብሎን ስላለበት ተራ ካቻቢቴ አይፈታውም፤ በግድ የሚታገል ሰው የብሎኑን ራስ በልቶ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው የታወቀ ብልሽት በስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ባዶ መስመር ነው። ምክንያቱም ከመስተዋቱ ግርጌ በሙቀት የተጣበቀው ስስ ጥብጣብ በዘመን ብዛት መላቀቁ ነው። የጋለ መበየጃ በጥብጣቡ ላይ በቀስታ ሲያልፍበት መስመሮቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ እጁ የዘገየ ሰው ግን ጥብጣቡን ያቃጥለውና ስክሪኑ እስከ መጨረሻው ይጠፋል።

ሻጭና ገዢ ሳይግባቡ የሚቀሩበት ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ለጨዋታ የሚገዛ ሰው ብሩህ ስክሪን ይወዳል፤ ሻጩም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ባለመብራት ያስገባና «ታድሷል» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። ለሙዚቀኛ ግን ይኸው እድሳት ጉድለት ሊሆንበት ይችላል፤ አንዳንዱ አዲስ ስክሪን ብዙ ኀይል ስለሚስብ በድምፁ ውስጥ ቀጭን የጩኸት ሽውታ ይጨምራልና። በትንሿ ድምፅ ማጉያ የማይሰማው ሽውታ በአዳራሽ ማጉያ ሲወጣ ጥርስ ያፋጫል። ሙዚቀኛው ገንዘብ የሚያወጣበት ሥራ ሌላ ነው፤ ድምፁ በመሣሪያው ማጉያ ውስጥ ከማለፉ በፊት ከድምፅ መቆጣጠሪያው ላይ በሽቦ ተወስዶ ለብቻው መሰኪያ እንዲደረግለት ይፈልጋል። ስለዚህ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን በዝርዝር ጽፎ ከዕቃው ጋር የሚያቀርብ ሻጭ ለሁለቱም ዐይነት ገዢ መሸጥ ይችላል፤ ሁሉንም «እንደ አዲስ» ብሎ የሚሸጥ ግን ከሙዚቀኞቹ ዘንድ ዕቃው ይመለስበታል።

አሮጌ ካሴትም ዝም ብሎ የሚነካ ዕቃ አይደለም። በብዙዎቹ ውስጥ የተቀመጠውን ሥራ የምታቆየው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች አንዲት ባትሪ ናት። እርስዋ ስታልቅ፣ ወይም ጠጋኙ ቅጂ ሳያስቀር ሲነቅላት፣ በካሴቱ ውስጥ የተጻፉት ዜማዎች ይጠፋሉ። የደንበኛን ካሴት የተረከበ ጠጋኝ ይዘቱን ወደ ኮምፒዩተር ሳይገለብጥ ካቻቢቴ ቢያነሣ፣ ባለቤቱ የዓመታት ድካሙን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ የባትሪዋ ዋጋ ግን ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ዕቃውን በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ ሊያደርገው የሚችለው ምርመራ አጭር ነው። በቅድሚያ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ ሽቦዎቹን ያያል፤ ቀጥሎ ማንኛውንም ደኅና ካሴት ይሰካና የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ያበራዋል። የኩባንያው ስም ከላይ ወርዶ ከመካከል ሲቆም ሁለት ድምፅ ያላት አጭር ቃጭል ትሰማለች። ከዚያ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ በሁለቱም ጆሮው ያዳምጣል፤ የሚንኳኳ ከሆነ ጽዳት ብቻ ይበቃዋል፤ አንዱ ጆሮ ጭራሽ ካልሰማ ግን ዋጋውን ከመቁረጡ በፊት ቅርፊቱ እንዲከፈት ይጠይቃል።