ከመንዝ የተነሣው የነገሥታት ቤት

እናቶችና አባቶች፣ በትምህርት ሰዓት «ንጉሥ ከየት ይመጣል?» እያላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት ቤት የተነሣው ከዚሁ ከመንዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ 300 ዓመት ግድም ነጋሢ ክርስቶስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አገራቸው መንዝ፣ አጋንቻ ነው። ያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚቀመጠው ጎንደር ነበር። ጎንደር ደግሞ ከመንዝ ሩቅ ነው። ነጋሢ ሰው አሰባስበው ገዢ ሆኑ። ከሳቸው በኋላ ልጃቸው ስብስቴ፣ ቀጥሎ አብዬ፣ ቀጥሎ አምኃ ኢየሱስ ገዙ። አምኃ ኢየሱስ መቀመጫቸውን ወደ አንኮበር ወሰዱ።

ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ የሚባል ገበያ አለ። የቆላው ጨው የሚመጣው በዚያ በኩል ነበር። ነጋዴው ቀረጥ ይከፍላል፤ ገበሬው እህል ይገብራል። በዚህ ሀብት ቤቱ በረታ። ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ገዙ፤ ንጉሥም ተባሉ። በዘመናቸው ድርቅ መጥቶ ከብት አለቀ፤ ሕዝቡ ተራበ። ንጉሡ ጎተራቸውን ከፍተው እህል ሰጡ ይባላል። ጎተራውን የሞላው ማን ነበር? ገበሬው ነው። የገበሬው እህል ለገበሬው ተመለሰ ማለት ነው።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። የሣህለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ምኒልክን በልጅነታቸው ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. ሕዝቡ ከየአገሩ ዘምቶ ጣሊያንን ዐድዋ ላይ ድል አደረገ። ቤቱ ከሁሉ በላይ ከፍ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ እንዴት ወደቀ? የመጨረሻው ንጉሥ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ዘውድ የጫኑት በ1923 ዓ.ም. ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። መንግሥት ግን ረሃቡን ደበቀ። በ1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ባለታክሲው ሁሉ ተነሣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ወታደሮች ንጉሡን ከዙፋን አወረዱ። በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ጭነው ከቤተ መንግሥት አወጧቸው።

እኛ ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ቤቱን ያቆመው ገበሬው ነው፤ በእህሉም በጉልበቱም። የገበሬው ረሃብ ሲደበቅ ቤቱ ምሰሶ አጣ።

ለውይይት፦ በአገራችሁ ክፉ ቀን ሲመጣ ጎተራውን የከፈተ ማን ነበር? የዘጋስ? ሽማግሌዎችን ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።