መብራት ሲወርድ የሚጣፍጥ አምፕሊፋየር

በቆቦዋ ሮቢት ሠርግ ካለ ዳስ አለ፤ ዳስ ካለ ሞንታርቦ አለ። አሁን አሁን ደግሞ ቦክስ ክራሩን በላፕቶፕ ወይም በስልክ አሳልፎ ሞንታርቦው ላይ የሚሰካ ወጣት አይጠፋም። ስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የ1959ኙን ፌንደር ቤዝማን ወይም የ1960ዎቹን ማርሻል መስሎ ይጮኻል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እነዚህ በቲዩብ የሚሠሩ የጊታር አምፕሊፋየሮች ናቸው። ፕሮግራሙ የእነሱ የሒሳብ ቅጂ ነው፤ በእኛ አገር ግን «ድምፅ ማሻከሪያ» ከመባል ያለፈ ክብር አላገኘም።

ቲዩብ አየር የወጣለት የመስታወት ቱቦ ነው። የጋለው ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ አኖዱ ይቀበላል፣ መሃል ላይ ያለው ፍርግርግ ከጊታሩ በመጣችው ደካማ ሲግናል ፍሰቱን ይቆጣጠራል። ትራንዚስተር ቲዩብን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣው ጊታር ተጫዋቾች አንለቅም አሉ። ዲጂታል ቅጂው ገበያ የገባው በ1990ዎቹ ነው፤ የላይን 6 ፖድ በ1998 ወጣ፣ የኬምፐር ፕሮፋይለር በ2011 ተከተለ።

ብዙ ሰው የቲዩብ ውበት ዲስቶርሽን (የድምፅ መሻከር) ብቻ ይመስለዋል። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ዲስቶርሽንማ በሁለት ዳዮድም ይመጣል። የአሮጌ አምፕሊፋየር ጣዕም ግማሹ ያለው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ቦታ፣ በኃይል አቅርቦቱ ውስጥ ነው።

ማታ ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲለኩስ የቤታችሁ አምፖል ድንግዝግዝ እንደሚል አስቡ። አምፕሊፋየሩ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ክሩን በኃይል ስትመቱት የመጨረሻዎቹ ቲዩቦች በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ይስባሉ። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ክፍል ራሱ ቲዩብ ከሆነ ያንን ሁሉ ማድረስ ያቅተዋል፤ ከ400 ቮልት በላይ የነበረው አቅርቦት ወረድ ይላል። ያኔ የምቱ ጫፍ ይጨፈለቃል። ካፓሲተሮቹ ተመልሰው ሲሞሉ ድምፁ ከኋላ ያብባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ተጫዋቹ ግን በጣቱ ያውቀዋል። ቀስ ብሎ ሲነካው ጥርት፣ ሲመታው እሺ ብሎ እጥፍ የሚል ዕቃ ነው።

ከዚህ የሚረቅም አለ። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት ነው፣ የአሜሪካ 60። ወደ ዲሲ ሲለወጥ ሙሉ በሙሉ አይለሰልስም፤ በእኛ መስመር 100 ኸርዝ፣ በእነሱ 120 ኸርዝ የሆነ ሞገድ ይተርፋል። አምፕሊፋየሩ ሲጨናነቅ ይህ ሞገድ ከኖታው ጋር ይዋሃዳል። 440 ኸርዝ ስትጫወቱ ከሥሩ 340፣ ከላዩ 540 በስሱ ይሰማሉ። ያው አምፕሊፋየር አሜሪካ ቢሆን ኖሮ 320 እና 560 ይሆኑ ነበር። ስለዚህ አንድ አምፕሊፋየር አዲስ አበባና ኒውዮርክ ላይ አንድ አይደለም። ጥሩ ሞዴል ይህንንም ያሰላል፤ አንዳንዶቹ 50 ወይም 60 ብላችሁ እንድትመርጡ ቦታ ይሰጣሉ። እኔ 50 ላይ አድርጌ ነው የምሰማው፣ ለአገር ፍቅር ብላችሁ እለፉት።

አሠራሩ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የሰርኪቱን እያንዳንዱን ሬዚስተር፣ ካፓሲተርና ቲዩብ በእኩልታ ጽፎ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይፈታል። ሌላው ውስጡን ሳይከፍት የገባውንና የወጣውን ድምፅ ለኒውራል ኔትወርክ አሳይቶ ያስጠናዋል፤ በነፃ የሚገኘው ኒውራል አምፕ ሞዴለር እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ለጆሮ እጅግ የቀረበ ነው። ነገር ግን ወደ ኋላ የሚያስታውሰው በጣም አጭር ጊዜ ስለሆነ ያ የኃይል መውረድና ቀስ ብሎ መመለስ ከፊሉ ያመልጠዋል። ያነሳውም ቁልፎቹ በተቀመጡበት አንድ ቦታ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው።

በዳስ የምሰማው ትልቁ ጥፋት የስፒከር ሳጥኑን መርሳት ነው። የጊታር ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ይውጠዋል፤ ሞንታርቦ ግን ሁሉንም ያወጣዋል። የሳጥኑን ቅጂ ሳያበሩ አምፕሊፋየሩን ብቻ ሞንታርቦ ላይ የሚሰኩ ልጆች ሙሽሮቹን ከነሚዜዎቻቸው ያሳምማሉ፤ ከዚያ «ዲጂታል አይረባም» ይላሉ። ካብ የምትለዋን ቁልፍ አብሩ!

እውነተኛውን አምፕሊፋየርማ ሮቢት ማን ያመጣዋል? ከባድ ነው፣ ቲዩቡ ሲቃጠል መለዋወጫው ቆቦም ወልድያም የለም፣ መብራቱ ከሚገባው በላይ ሲወርድ ደግሞ ማሞቂያው ራሱ ይቀዘቅዛል። ላፕቶፑ በባትሪው ነው የሚያሰላው።

ወጣቶቹ ሲጠየቁ የአይቤክስ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር ድምፅ እንፈልጋለን ይላሉ፤ የ1975ቱን የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» እየጠቀሱ። ጥሩ ጆሮ ነው። ግን ጊታርና ክራር አንድ አይደሉም። ክራር በግርፍ ሲመታ ሁሉም ክር ይነካል፤ የማይፈለገውን የግራ እጅ ጣት ያፍነዋል። አምፕሊፋየሩ ሲጨናነቅ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርግ የታፈነው ክር ሹክሹክታ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። ሁለት ድምፅ አብሮ ሲገባም ልዩነታቸው ሦስተኛ ድምፅ ይሆናል። 200 እና 300 ኸርዝ 100ን ይወልዳሉ፤ ያ ይስማማል። የአምባሰል ቅኝት የግማሽ ድምፅ ርቀት ግን፣ 200 እና 212 ብንል፣ 12 ኸርዝ ይወልዳል፤ ይህ እንደ ኖታ አይሰማም፣ መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ በክራር አምባሰል ስትጫወቱ ጌይኑን (የማጉያ ቁልፉን) ግማሽ አታድርሱት፤ የኃይል መውረዱን መቆጣጠሪያ ግን ከፍ አድርጉት፣ ግርፉ ሲበረታ ድምፁ በራሱ እጥፍ ይላል።