ለድርቆሽ የተዘራ ሳር ለዘር አይሆንም

ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ ከሱሉልታ ሜዳ የታጨደ ድርቆሽ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይገባል። በሰበታና በቡራዩም ላም አርቢው ብዙ ነው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተካትተዋል፤ ቤት በበዛ ቁጥር ግጦሹ ይጠብባል፣ መኖ መዝራትም ግድ ይሆናል። የመኖ ሳር ዘር ግን እንደልብ አይገኝም። ዘሩን ራሴ ላምርት ብሎ የተነሣ አርሶ አደር በመስመር ርቀት ላይ ሲሳሳት ማየት ያሳዝናል፤ ሊታረም የሚችል ስሕተት ነውና።

ተረት፦ «ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ሳር ዘሩም ብዙ ነው።»

ለድርቆሽ ከሆነ መጠጋጋቱ ይጠቅማል፤ መሬቱን ቶሎ ይሸፍናል፣ አረም ያፍናል፣ አገዳውም ቀጭን ይሆናል። ለዘር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሳር ከሥሩ ከሚያወጣቸው ቡቃያዎች ዘር የሚሰጡት አበባ ላይ የደረሱት ብቻ ናቸው። ጥላ የዋጠው ቡቃያ ወይ ይሞታል፣ ወይ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያበበውም ቢሆን አገዳው ቀጭን ስለሆነ ይጋሸባል፤ መሬት የነካ ዘለላ ደግሞ ይሻግታል። መስመሩ ሲሰፋ ብርሃን እስከ ሥሩ ይዘልቃል፣ ፍሬውም ይሞላል። ሮደስ የተባለው የመኖ ሳር ለዘር ሲዘራ በመስመሮቹ መካከል ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚተወው ለዚህ ነው።

ተረት፦ «እንግዲያው በሰፋ ቁጥር ይሻላል።»

ባዶ የቀረውን መሬት ሙጃ ይወርሰዋል። ሳሩም ቦታ እስካገኘ ድረስ ቡቃያ ማውጣቱን አያቆምም፤ አንዱ ዘለላ ሲረግፍ ሌላው ገና ያብባል፣ አጫጁም የቱን ቀን እንደሚመርጥ ይቸግረዋል። በተለይ ሮደስ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር የሚሰድ ሳር ነው። በመስመሮቹ መካከል ካልተኮተኮተ ክፍተቱን ራሱ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ በገመድ የተለካው ርቀት ከንቱ ይሆናል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ተረት፦ «አንድ ርቀት ለሁሉም ሳር ይሠራል።»

ከቡራዩ ወዲያ ያለው የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራበት የኖረው አጃ ዓመታዊ ነው፤ ለስንዴ የተለመደው 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ደሾና ዝሆኔ ሳር የሚባዙት በሥር ግንጣይና በአገዳ ቁራጭ ስለሆነ ርቀታቸው ለዘር ተብሎ አይለካም። የሱሉልታ ጥቁር አፈር ደግሞ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ መስመር ማስፋት ብቻውን አያድነውም፣ ማንጣፈፊያ ቦይ ያስፈልገዋል። ብርዱም ለሮደስ ይከብደዋል፤ ዝቅ ያለችው ሰበታ ትሻለዋለች።

ተረት፦ «ዘሩን ሰብስቤ ቀሪውን ድርቆሽ አደርገዋለሁ።»

ጥሩ ድርቆሽ የሚታጨደው ሳሩ ማበብ ሲጀምር ነው። ዘሩ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ አገዳው ይጠነክራል፣ ፕሮቲኑም ይወርዳል። ስለዚህ ከማሳው ደህናውን ቁራሽ ለዘር ለይቶ በሰፊ መስመር፣ የቀረውን ጠበብ አድርጎ ለመኖ መዝራት ይሻላል። ዘሩ ሲሰበሰብም ሚዛኑን ብቻ ማመን አይገባም፤ የሮደስ ዘር ገለባው ብዙ ነውና በመዳፍ አሽቶ ጠጣር ፍሬ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።